«ቦርከና»ን እንዴት ነደፍኳት

(ደሴ ላይ በተካሄደ የወጣት ሠዓሊዎችና ነዳፊዎች መሰባሰቢያ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ ዳገቱን የወጣችሁ ተማሪዎች፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፤ አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ! ወሎ ውስጥ ሰላምታ ካልረዘመ ወሬው አይጥምምና ደግሜ ልጠይቅ፤ ደህና ናችሁ? ቤተሰቡ ደህና ነው? አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አዘጋጆቹ «ስለ ንድፍ ሥራ ንገረን» ብለው ሲጠሩኝ ስለ ቤት ፕላን የማወራ መስሏቸው ነበር። አይፈረድባቸውም። እኔ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 27 ዓመት በንድፍ ሠራተኝነት የኖርኩ ሰው ነኝ። የማሽን መለዋወጫ፣ የቧንቧ መስመር፣ የጣሪያ ብረት፤ እንጀራዬ ይኸው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የምነድፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጦር መርከብ።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ ባለቤቴም ስቃለች። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር በተቀመጠች ከተማ ውስጥ የጦር መርከብ የሚነድፍ ሽማግሌ ካላሳቀ ምን ያስቃል?

መርከቧ የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ስሟ «ቦርከና» ነው። ዘመኗ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. 1942 ነው። ሥራዋ 140 አደጋ ጣይ ወታደሮችን በሌሊት ወደ ጠላት ዳርቻ አድርሳ ማውረድ፣ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ጠብቃ መልሳ ማሳፈርና ጎሕ ሳይቀድ መጥፋት ነው። ስሙን ለምን መረጥኩት? ቦርከና ወንዝ በእኛው በር አልፎ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደምታውቁት ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር ለማታይ መርከብ ባሕር የማያይ ወንዝ ስም ይገባታል ብዬ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ ብዬ ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ ሥራዋን፣ ሁለተኛ ክብደቷን፣ ሦስተኛ መልኳን። ክብደቱ ላይ ብዙ እንደምቆይ ከአሁኑ ይታወቅልኝ፤ መልኩን የፈለገ እዚያ ግድግዳ ላይ አለላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ አባቴ ልሂድ። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢዋ ይዞ ከአሰብ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሲመላለስ ዕድሜውን ጨረሰ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ይዞኝ ወረደ። ባቲን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ያን ሁሉ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት አልፈን አሰብ ስንደርስ ባሕሩን አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባሕሩ ብዙም አልደነቀኝም፤ ሐይቅን በልጅነቴ አይቻለሁና ውሃ ውሃ ነው። የደነቀኝ መርከቡ ነው። ከፋብሪካ የሚበልጥ ብረት ውሃ ላይ ተቀምጦ፣ ሰዎች ጆንያ እየተሸከሙ ይገቡበታል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። «አባዬ፣ ከሥር ማን ይዞት ነው?» አልኩት። አባቴ ሲጋራውን እንደያዘ ትንሽ አሰበና «አጫጫኑ ነው የያዘው» አለኝ።

ያን ጊዜ የሾፌር ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስንመለስ ግን ከባቲ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ፣ አንዱ ጠመዝማዛ ጋ፣ ከተንዳሆ ጥጥ ጭኖ የመጣ መኪና ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገልብጦ አገኘን። ጥጥ! ጥጥ እኮ ቀላል ነው። አባቴ ወርዶ ሾፌሩን አጽናንቶ ሲመለስ «ዕቃው ቀላል ነው፤ ቁመቱ ነው የጣለው» አለ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንደኛው፤ ሥራዋ።

እናንተ ልጆች የጦር መርከብ ሳሉ ብትባሉ ከምን ትጀምራላችሁ? (ከምንጣፉ ላይ «ከመድፍ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።) ከመድፍ! እኔም ከመድፍ ነው የጀመርኩት። መድፍ መሳል ደስ ይላል። የመጀመሪያዋ ቦርከና ስምንት መድፍ፣ ሁለት አውሮፕላን፣ ሦስት የጭስ ማውጫ ነበራት፤ 300 ወታደር ትጭናለች ብዬ በኩራት ጻፍኩባት። ጎረቤቴ አንድ ሰው አለ፤ በወጣትነቱ ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገለ። ንድፉን ዘርግቼ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ ደግሞ አደረገ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ይህቺ መርከብ የምትሄደው ቀን ነው ማታ?»

መልስ አልነበረኝም። ስድስት ወር የነደፍኳትን መርከብ መቼ እንደምትሄድ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሌሊት ወረቀት አዞርኩና መድፉን ትቼ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። ጨለማው አሥር ሰዓት ነው እንበል። ሁለት ሰዓት ዳርቻው ላይ ይሠሩበታል። ስምንት ይቀራል፤ አራት መሄጃ፣ አራት መመለሻ። የመርከብ ፍጥነት በኖት ይለካል፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ሲሆን የባሕር ማይል ደግሞ 1,852 ሜትር ነው። እንግዲህ በ14 ኖት የምትሄድ የጭነት መርከብ በአራት ሰዓት 56 የባሕር ማይል፣ ማለትም 104 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በ24 ኖት የምትሄደው ግን 96 ማይል፣ 178 ኪሎ ሜትር ያህል። ልዩነቱን አያችሁት? የመጀመሪያዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዳርቻው 104 ኪሎ ሜትር ላይ መገኘት አለባት፤ ያ ማለት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በቀን ብርሃን ወደ ጠላት ስትቀርብ ትውላለች። ሁለተኛዋ 178 ኪሎ ሜትር ርቃ ጨለማ ትጠብቃለች። መድፍ አያድናትም፤ የሚያድናት ርቀቱ ነው። ስምንቱን መድፍ በላጲስ አጠፋኋቸውና ሦስት ብቻ አስቀረሁ። ላጲስ መግዛት ያኔ ነው የለመድኩት።

በነገራችን ላይ ጎረቤቴ ያገለገለባት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ርዝመቷ 95 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ በፊት የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች መርከብ ናት። የእኔዋ ቦርከና 96 ሜትር ናት። አንዷን ሜትር ለምን እንደጨመርኩ እሱ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ሁለተኛው፤ ክብደቷ።

ሃምሳ ጊዜ ደግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፤ ንድፍ ማለት ሒሳብ መያዝ ነው። ንድፍ ማለት ሒሳብ መያዝ ነው! ያስገባችሁትን ካስገባችሁ ያወጣችሁትን አሳዩኝ። 140 ሰው አስገባሁ ስትሉኝ «ምን አወጣህ?» እላችኋለሁ። ባለሱቅ ሁሉ የሚያውቀውን ሠዓሊ ለምን አያውቅም?

ይህን ያስተማሩኝ በእውን የነበሩ መርከቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ማንሊ የተባለችውን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀረች ዲስትሮየር፣ ፈጣን የጦር መርከብ ማለት ነው፣ ወታደር ማመላለሻ አድርገው ለወጧት፤ ቀጥለውም እህቶቿን። እነዚህ መርከቦች አራት ቦይለር፣ ለሞተሩ እንፋሎት የሚያፈላ ትልቅ ጋን ማለት ነው፣ እና አራት የጭስ ማውጫ የነበራቸው፣ እስከ 35 ኖት የሚበሩ ነበሩ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከፊት ያሉትን ሁለት ቦይለሮች ከነጭስ ማውጫቸው ነቅለው በቦታቸው ለወታደሮቹ መኝታ ሠሩ። ቶርፔዶ፣ ውሃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ፣ ማስወንጨፊያዎቹን አንሥተው በቦታቸው ወታደር ወደ ዳርቻ የሚያወርዱ አራት ጀልባዎች ሰቀሉ። አለቀ። ያወጡትም ያስገቡትም በአንድ ገጽ ይጻፋል።

አሁን ተማሪዎች ስሙኝ። ግማሹ ቦይለር ሲወጣ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል ትላላችሁ? እኔ እንደዚያ ብዬ 17 ኖት ጽፌ ነበር። መርከቦቹ ግን 25 ኖት ያህል ይሄዱ ነበር። ለምን? መርከብ ፍጥነት ሲጨምር ውሃው የሚጠይቀው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ በግምት በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚጨምረው። ፍጥነትህን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልግሃል። በተቃራኒው ከተነሣን ጉልበቱን ለግማሽ ብትሸጥ ከፍጥነቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው የምታጣው። ከ35 ወደ 28፤ የጫኑት ተጨምሮ 25። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አሥር ኖቶች ያ ሁሉ ቦይለር የሚከፈልባቸው ቅንጦት ነበሩ። አሜሪካውያኑ ቅንጦቱን ሸጠው 140፣ 150 ሰው የሚተኛበት ቤት ገዙበት። እንዲህ ያለ ገበያ ሰኞ ገበያም አይገኝም!

እኔም ይህንኑ አደረግኩ። ቦርከና የቀድሞ ዲስትሮየር ሆነች። ርዝመቷ 96 ሜትር፣ ወርዷ 10 ሜትር፣ ውሃ ውስጥ የሚሰምጠው ክፍሏ 3 ሜትር ከ20፣ ክብደቷ 1,400 ቶን ገደማ፣ ፍጥነቷ 24 ኖት። ጀልባዎቹ አራት፤ እያንዳንዳቸው 11 ሜትር፣ 36 ሰው የሚይዙ። አራት ጊዜ 36 ስንት ነው? 144። ወታደሮቹ ለዚህ ነው 140 የሆኑት፤ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ጀልባ የማይደርሰው ወታደር መንገደኛ ነው።

ክብደቱን እንደምር። አንዱ ጀልባ ስምንት ቶን ያህል ነው፤ አራቱ 32። ሰውየው ከነመሣሪያው፣ ከነጥይቱ፣ ከነስንቁ 110 ኪሎ ነው እንበል፤ 140ው ከ15 ቶን ትንሽ ይበልጣሉ። ድምሩ 47 ቶን። ይህ ሁሉ ሲጫን መርከቧ ስንት ትሰምጣለች? ገምቱ። አንድ ሜትር? ግማሽ ሜትር? (ከአዳራሹ «ሁለት ሜትር!» ተባለ።) ሁለት ሜትር ያልከው ልጅ፣ እኔም አንተ ዕድሜ እያለሁ እንደዚያ ነበር የምለው። የመርከቧ የውሃ መስመር ስፋት 670 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በጨው ውሃ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመስመጥ ሰባት ቶን ገደማ ትጠይቃለች። 47ን ለሰባት አካፍሉ። ሰባት ሳንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም።

አሁን የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። እኔ የምነድፈው በ1 ለ200 ስኬል ነው፤ 96 ሜትሯ ወረቀት ላይ 48 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ሰባት ሳንቲ ሜትር መስመጧ በዚያ ስኬል 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የምጠቀምበት የራፒዶ ብዕር ስንት ቁጥር ነው? 0.35! መቶ አርባው ወታደር ከነአራት ጀልባው፣ ከነጥይቱ፣ ከነስንቁ፣ በአንዲት የብዕር መስመር ውፍረት ውስጥ ገባ። ይህን ያሰላሁ ዕለት ሻይ ሳልጠጣ ነው የዋልኩት።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ክብደቱ ምንም አይደለም ማለት ነው? አባቴን አስታውሱት። «ዕቃው ቀላል ነው፤ ቁመቱ ነው የጣለው።»

ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ በየድ አያይዤ ሞዴል ሠራሁ። ግቢ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሞላሁ፤ የልጅ ልጆቼ ከበቡኝ። ባዶዋን አስቀመጥናት፤ ተንሳፈፈች፤ እልልታ ሆነ። ከዚያ አራቱን ጀልባ በማንጠልጠያ ክንዶቻቸው ላይ ሰቀልን። ቦርከና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ወደ ጎን ተኛች፤ ደግማም አልተነሣችም። ትንሹ የልጅ ልጄ «አያያ፣ ሰዎቹ ሞቱ?» አለኝ።

ምን ሆኖ ነው? ያወጣሁት ከታች ነው፤ ያስገባሁት ከላይ ነው። ቦይለሮቹ ከሆዷ ሥር የተቀመጡ ከባድ ብረቶች ነበሩ፤ እነሱ እንዳትገለበጥ ይዘዋት ኖረዋል። እኔ እነሱን አውጥቼ ጀልባ ሰማይ ላይ ሰቀልኩ። በኪሎ ሒሳቤ ትክክል ነበር፤ በቁመት ግን ዕዳ ውስጥ ነኝ። መርከብ ወደ ጎን ስታዘነብል ውሃው ከሥሯ ሆኖ ወደ ቀና ይገፋታል፤ ክብደቷ ግን ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያው ክብደት ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ መርከብ ሁለት መዝገብ አላት፤ አንዱ «ስንት ኪሎ» ይላል፣ ሁለተኛው «ስንት ከፍታ ላይ» ይላል። ወጣት ነዳፊ የመጀመሪያውንም አይጽፍም፤ ጎበዙ የመጀመሪያውን ይጽፍና ይኩራራል። የሚሰጥመው ጎበዙ ነው።

እንዴት ዳነች? ከላይ አንድ መድፍ ወረደ። ሁለት ቀሩ። የአዛዡ ማማ በአንድ ፎቅ አጠረ። ከሆዷ ሥር፣ ቦይለሮቹ በነበሩበት፣ 40 ቶን ብረት ለሚዛን ብቻ ተቀመጠ፤ በሞዴሉ ውስጥ አሮጌ ብሎኖች ናቸው። ለሚዛን ብቻ የተቀመጠ ብረት መሳል ለሠዓሊ ያማል፤ አይታይ፣ አይተኩስ። ግን እሱ ነው መርከቧ።

ቀጥሎ ሐይቅ ወሰድኳት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ወዲህ አሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ተቀመጥኩ። ነፋስ ነበር፤ ቦርከና ግን ማዕበሉን ችላ ቆመች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ወጣት አሣ አጥማጅ መረቡን እየጠገነ ሲያየኝ ቆየና መጣ። «አባቴ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ጀልባዎች ይወርዳሉ?» አለኝ። «አዎ፣ ሰዎቹን ይዘው ይወርዳሉ» አልኩት። ዝቅ ብሎ በአንድ ጎን ያሉትን ሁለቱን ከማንጠልጠያቸው አወጣቸው። ቦርከና በሌላው ጎኗ ላይ አዘነበለች። «አብሽሩ አባቴ፣ አልሰጠመችም» አለና ሣቀ፤ «ግን እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች አሁን እንዴት ይወርዳሉ?»

ትምህርት ቤት የማያስተምረው ጥያቄ ነው። እኔ ሙሉዋንና ባዶዋን አስቤ ነበር፤ መሐሉን አላሰብኩም። ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለውን ንድፍ ብታዩ ከጀልባዎቹ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ አንድ ከግራ፣ ሁለት ከቀኝ፣ ሦስት ከግራ፣ አራት ከቀኝ። የዚያ ልጅ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ካልጠቀስኩ ቤት አልገባም። ንድፉን አይታ፣ ስለ መድፍ አልጠየቀች፣ ስለ ፍጥነት አልጠየቀች፤ «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ይበላሉ?» አለች። ምግብ ቤቱ የመርከቧን ሠራተኞች ብቻ የሚያበላ ነበር። «140 እንግዳ ጠርተህ አንድ ጉልቻ!» አለችኝ። ለሠርግ ስንት እንጀራ፣ ስንት እንስራ ውሃ እንደሚያስፈልግ የምታውቅ ሴት ናት። አስቡት እስቲ፤ እነዚህ ሰዎች ለሌሊቷ ሁለት ሰዓት ሥራ ሁለት ቀን መርከብ ላይ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሽንት ቤት ይሄዳሉ። ማዕበል ይይዛቸዋል፤ ያስታውካሉ። ስምንት ሽንት ቤት ጨመርኩ። ከሥዕሌ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፤ ሌላ የጦር መርከብ ሥዕል ውስጥ ሽንት ቤት ያያችሁ እጃችሁን አውጡ።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1944 ያመጡት አንድ ዘዴ አለ፤ የመርከቧን ኋላ ወደ ውሃው እንደ መንሸራተቻ አዘቅዝቀው ሠርተው መርከቧ ሳትቆም ጀልባዎቹን እያንሸራተቱ ይለቋቸው ነበር። እጅግ ያምራል። ልሰርቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን የእኔዋ በ1942 ናት። ፈጠራ ቢሆንም ዘመን አይሰረቅም። ተውኩት።

ሦስተኛው፤ መልኳ። ይህን በአጭሩ።

በመጀመሪያ ሰው ሳሉ። በ1 ለ200 ስኬል ሰው ስምንት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። እኔ ሳልስለው ጀምሬ የበሮቹን ቁመት አራት ሚሊ ሜትር አድርጌያቸው ነበር፤ ኮማንዶዎቹ ድመት መሆን ነበረባቸው። አሁን በእያንዳንዱ ወለል ላይ አንድ ሰው አለ። እሱ ካልቆመ ወለሉ ውሸት ነው።

ቀለሙስ? የሌሊት መርከብ ናትና ጥቁር ቀባኋት። ስህተት! ዛሬ ማታ ስትወጡ ጦሳን ቀና ብላችሁ እዩት። ሰማዩ ምንም ቢጨልም ተራራው ከሰማዩ ይበልጥ ጥቁር ነው፤ ለዚህ ነው ቅርጹ የሚታየው። ባሕር ላይም እንደዚያው ነው። እንግሊዞች በአትላንቲክ ሰሜናዊ ክፍል አጃቢ መርከቦቻቸውን ነጭና ነጣ ያለ ሰማያዊ ይቀቡ የነበረው ለዚህ ነው፤ በዚያ አገር ዳመናና ሌሊት ነጣ ያለው ነው የሚጠፋው። ቦርከና አሁን የጉም ቀለም አላት፤ ኅዳር ላይ ጠዋት ከጦሳ የሚወርደውን ዓይነት።

ስለ ቅርጿ ደግሞ የሴንት ናዜርን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1942 ሌሊት እንግሊዞች ካምቤልታውን የተባለች አሮጌ ዲስትሮየር አፍንጫዋ ውስጥ ፈንጂ ሞልተው በፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ በጀርመን እጅ ያለን ትልቅ የመርከብ መጠገኛ በር ሊያስገጯት ላኳት። ከአራት የጭስ ማውጫዎቿ ሁለቱን ቆረጡ፤ የቀሩትን ሁለት አናታቸውን በሰያፍ ቆረጡት፤ ለምን? ከሩቅ የጀርመን መርከብ እንድትመስል። ሁለት ቧንቧና አንድ ሰያፍ! ደግሞ በአሸዋው ደለል ላይ ማለፍ ስላለባት የማያስፈልጋትን ሁሉ አራግፈው አቀለሏት። በ1 ሰዓት ከ30 ልትደርስ ታቅዶ በ1 ሰዓት ከ34፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ በሩን ገጨችው። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ገደማ ፈነዳች፤ መጠገኛው እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ሥራ አልጀመረም። ከሄዱት 611 ሰዎች 169ኙ ሞቱ።

ይህን ቁጥር ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ያነሣኋቸው የአሜሪካ መርከቦችም አራቱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1942 አደጋ ጣዮቹን በፓስፊክ ውቅያኖስ ቱላጊ ደሴት አወረዱ፤ ወር ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ሰጠሙ። ኮልሁን በአውሮፕላን ተመታች። ግሬጎሪና ሊትል ጓዳልካናል አጠገብ በጨለማ ተሸሽገው ሳለ ከገዛ ወገናቸው አውሮፕላን የተጣለ የብርሃን ፋና አጋለጣቸው፤ አጠገባቸው የነበሩት የጃፓን ዲስትሮየሮች ጨረሷቸው። ስሥላት ሁሉ ይህን አውቃለሁ። ሁለት መድፍ ያላት ስስ ቆርቆሮ ናት።

ባንዲራዋ የማን ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የባንዲራ ምሰሶው ተስሏል፤ ባንዲራው የለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም ከቤቴ ወጥቻለሁ። ጠቅልዬ በፕላስቲክ ቱቦ የያዝኩት ይህንኑ ንድፍ ነው። መንገድ ላይ ባለቤቴ «የቤቱን ካርታ ይዘሃል?» አለችኝ። ረስቼዋለሁ። ከደሴ በእግር እየወጣን፣ ሕፃናት ከኋላችን እያለቀሱ፣ እኔ ትከሻዬ ላይ መርከብ ተሸክሜያለሁ። ከዚያ በፊት ባንዲራ ስዬባት ነበር። ስመለስ በምላጭ ፍቄ አነሣሁት፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቶ ይታያል።

ጊዜዬ አልቋል ይሉኛል። ንድፉ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ነው፤ አጠገቡ እርሳስ በክር ታስሯል። ስህተት ያገኘ ሰው እዚያው ላይ ምልክት ያድርግበት፤ ልጆች ወንበር ላይ መውጣት ትችላላችሁ። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መልህቁ የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ወደ መርከቧ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለው አሳይታኛለች። አምስት ዓመት አላየሁትም። ነገ እቀድላታለሁ።